ሙቀቱ የት ይሂድ? የአባታችን ፔጆ 404 እና የመኪና ኤሲ ታሪክ በድሬ መንገድ

አባታችን ሲያርፉ ሦስት ነገር ትተውልን ሄዱ፦ መጋላ ያለች አንዲት የኪራይ ሱቅ፣ አንድ የዱቤ ደብተርና አንዲት ነጭ ፔጆ 404። ሱቋን ባለቤቱ ወሰዳት። ደብተሩን እናታችን በአርባው ዕለት «የሟች ዕዳ በሰው አንገት ላይ አይንጠልጠል» ብለው ቀደዱት። የቀረችን መኪናዋ ናት።

ይህን ታሪክ የምንጽፈው ያችን መኪና ኤሲ እናስገባላት ብለን ልንገድላት ስለነበረ ነው። እናታችንንም አብረን ልናጣቸው ትንሽ ነበር የቀረን። እኛ ነጋዴዎች ነን። ጨርቅ፣ ቴምር፣ ፓስታ በዓይናችን አይተን ዋጋ እንቆርጣለን። ስለ ሞተር ግን የምናውቀው ውሃ የት እንደሚጨመር ብቻ ነበር። ከእናንተም መካከል የአባቱን ወይም የአያቱን አሮጌ መኪና ይዞ «ኤሲ ቢኖራት ኖሮ» የሚል ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ታሪኩን አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ስህተቱን ባልሠራነው ነበርና እናንተ አስቀድማችሁ እወቁት።

ከኤሲ በፊት መንገዱ እንዴት ይኬድ ነበር

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ነው። ከተማችንም የተወለደችው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሩክሊን ውስጥ ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት መሐንዲስ አንድ ማተሚያ ቤት በእርጥበት የተነሣ ወረቀቱ እያበጠና እየተኮማተረ ስላስቸገረው አየሩን የሚያቀዘቅዝና የሚያደርቅ መሣሪያ ነደፈ። ዛሬ ኤሲ የምንለው ነገር መነሻው ይህ ነው። ሁለቱ ታሪኮች፣ ድሬና ኤሲ፣ እኩያ ናቸው። እርስ በርስ ለመገናኘት ግን ብዙ ዓመት ፈጀባቸው።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢልም በዚሁ በእኛ አቅጣጫ ነው የመጣችው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አንዲት ሲድሊ መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ አስገባ። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጉዞው ወራት ፈጅቷል።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የዚህ በረሃ ሰው ሙቀትን በጉልበት አላሸነፈም፤ በሰዓት ነው ያሸነፈው። ግመል ነጂው በሌሊት ይጓዛል፣ በቀትር ከግራር ጥላ ሥር ያርፋል። አባታችንም የሚያውቁት ይህንኑ ነበር። ወደ ደወሌ ሲሄዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣሉ፤ ፀሐይ ስትበረታ ጉዳያቸውን ጨርሰው ጥላ ይዘዋል። ሲመለሱም 10 ሰዓት ሳይሞላ ቁልፍ አይነኩም። ከመኪናዋ ፓራውልት ላይ ደግሞ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውሃ ጀሪካን ያስራሉ። መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ ጆንያውን ያደርቀዋል፣ ውሃውም ይቀዘቅዛል።

ልጆች ሳለን ይህ የአባታችን ምትሃት ይመስለን ነበር። ምትሃት አልነበረም። ውሃ ሲተን ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል። ኤሲም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ ጆንያው ውስጥ የተነነው ውሃ ተመልሶ አለመምጣቱ፣ ኤሲ ውስጥ የተነነው ጋዝ ግን እንደገና ተጨምቆ ተመልሶ መዞሩ ነው።

ማሞቂያ ያላት መኪና በረሃ ገባች

ፔጆ 404 የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1960 በፈረንሳይ ነው። ያገሯ ክረምት በረዶ ነውና ስትሠራ የታሰበላት ማሞቂያ ነው። ይህን እናስታውስ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በእኛ አካባቢ ስሟን ያስጠራት ግን ጥንካሬዋ ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ አሸነፈች። ያ ውድድር በኬንያና በጎረቤቶቿ ጭቃና አቧራ ውስጥ የሚካሄድ ነበርና ነጋዴውና ታክሲ ነጂው ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገውም። በድሬዳዋና በሐረር ጎዳናዎች 404 ለስንት አሥርት ዓመታት ታክሲ ሆና እንዳገለገለች ያደገበት ሁሉ ያውቃል። ሞተሯ ወደ ጎን የተጋደመ፣ ቴስታታዋ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጣመማል።

አንድ ብልሃትም ነበራት። ራዲያተሯን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር ሁልጊዜ አይዞርም። በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያዝና የሚለቀቅ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይያያዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፅም ይቀንሳል። ማግኔቱን ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ግን አንዲት ትንሽ ካርቦን ናት። ካርቦኗ አለቀች ማለት ቬንትሌተሩ ቆመ ማለት ነው።

የእኛዋ መኪና ካርቦን መቼ እንዳለቀ አናውቅም። አባታችን በሌሊት ስለሚነዱ አላስፈለጋቸውም ነበር። ቀዝቃዛው የሌሊት አየር የቬንትሌተሩን ሥራ ይሠራለት ነበር። እኛ የወረስነው መኪናዋን ብቻ ነው፤ ሰዓቷን አልወረስንም።

ኤሲ መኪና ውስጥ እንዴት ገባ

በፋብሪካ የተገጠመ ኤሲ ለሽያጭ ያቀረበው የመጀመሪያው የመኪና ኩባንያ የአሜሪካው ፓካርድ ነው፤ ለ1940 ሞዴሎቹ። ዋጋው 274 ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህ ከባድ ገንዘብ ነው። ማቀዝቀዣው ከኋላ ያለውን የዕቃ ቦታ ግማሹን ይበላ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው ግን አጠፋፉ ነው፤ ማጥፊያ አልነበረውም። በረደኝ ያለ ሰው ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ኮፈን ከፍቶ የኮምፕሬሰሩን ችንጋ ማውለቅ ነበረበት። ፓካርድ ብዙም ሳይቆይ ተወው።

በውስጡ የሚዞረውም ጋዝ የራሱ ታሪክ አለው። የጥንቶቹ ማቀዝቀዣዎች አሞኒያና የመሳሰሉ መርዘኛ ጋዞች ይጠቀሙ ነበር። ቶማስ ሚጅሊ የሚባል ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1920ዎቹ መጨረሻ የማይመርዝና የማይነድ ጋዝ አገኘ፤ ፍሪዮን ተባለ። መኪና ውስጥ የገባው ዓይነቱ አር 12 የሚባለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ናሽ የተባለው ኩባንያ ዕቃውን ሁሉ ከፊት አሰባሰበው፤ ከኋላ የሚይዘው ቦታ ቀረ። ኮምፕሬሰሩን በአንድ ቁልፍ የሚያያይዝና የሚያላቅቅ የማግኔት ፍሪዚዮን ሲለመድም ችንጋ ማውለቅ ቀረ። በዚያው ዘመን በሙቀት በሚታወቀው ቴክሳስ ትናንሽ ድርጅቶች ከዳሽቦርድ ሥር የሚንጠለጠል ኤሲ እየሠሩ፣ ከፋብሪካ ያለ ኤሲ ለወጡ መኪኖች መግጠም ጀመሩ። ልብ በሉ፤ እኛ ዛሬ በአሮጌ መኪና ላይ የምንሠራው ሥራ ያኔ አዲስ ንግድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሳንኪዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከአንድ የዳላስ ድርጅት ፈቃድ ገዝቶ ኮምፕሬሰር መሥራት ጀመረ። ይህ ኩባንያ ዛሬ ሳንደን ይባላል። ከሻርጃ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ወርዶ ድሬ የሚደርሰው ኮምፕሬሰር ብዙውን ጊዜ የሱ ሥራ ነው። የእኛም እንዲሁ።

እንግዲህ አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል። የጋለው ጋዝ ከራዲያተር ፊት ለፊት በተቀመጠው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለነፋስ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ዳሽቦርድ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ ሲለቀቅ ይተናል፤ ሲተንም የተሳፋሪውን ሙቀት ይወስዳል። ጆንያውና ጀሪካኑ ማለት ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያራግፋል። የሚያራግፈውም በራዲያተሩ ፊት ላይ ነው። ለዚያ ሥራ የሚከፈለው አምስት ስድስት የፈረስ ጉልበት ደግሞ ከዚያው ሞተር ይቆረጣል፤ ሞተሩም ያንን ሲሰጥ የባሰ ይሞቃል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ላይ ኤሲ ከመግጠም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ያህል ይበርዳል?» አይደለም። «ሙቀቱ የት ይሂድ?» ነው።

እኛ ያልጠየቅነው ይህንን ነበር።

በአዲጋላ መንገድ የሆነው

እናታችን ሰባ አልፈዋል፤ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ከሙቀት ይራቁ ብሏል። እህታችን ግን ጅቡቲ ነው ያገባችው፤ በዓመት ሁለቴ ልጆቿን ይዛ ደወሌ ድረስ ትመጣለች፣ እኛም እናታችንን ይዘን እዚያ እንገናኛለን። እናታችን ያንን ቀን ለማንም ሐኪም አይሰጡም። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ተሰብስበን ገንዘብ አዋጣን፤ «የአባባ መኪና ኤሲ ይግባላት» አልን።

አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ስሙን አንጠራም፤ ጥፋቱ የኛም ነውና። ሰውየው ሳይመረምር ዋጋ ነገረን፣ እኛም ሳንጠይቅ ከፈልን። ከሌላ መኪና የወለቀ ትልቅ ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ፊት ደነቀረ። የራሱ ቬንትሌተር አላደረገለትም። መስመሩን በቫኪውም ሳያጸዳ ጋዙን ሞላ። ዲናሞዋንም አልቀየረ፤ የዚያ ዘመን ዲናሞ መብራቱን እንኳ በግድ ነው የሚችለው። ኢቫፖሬተሩን ለማስገባት ደግሞ የአባታችንን ዳሽቦርድ በመጋዝ ቆረጠው። ስንደርስ ተቆርጧል። እናታችን አዩት፣ ምንም አላሉም።

ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ሠራ። ከከዚራ እስከ አሸዋ ሜዳ እየነዳን መስኮት ዘግተን ስናልፍ ሰው ቆሞ አየን፤ ኮራን።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ደወሌ ሄድን። ስንሄድ በአባታችን ልማድ በሌሊት ነበር፤ ደኅና ደረስን። ስንመለስ ግን «ኤሲ አለን፣ ምን አስጠበቀን?» ብለን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተነሣን። አስፋልቱ ጥሩ ነው። አይሻን አልፈን አዲጋላን እንደተሻገርን የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ወጣ። ትንሽ እንሂድ ብለን ሄድን። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ፣ ከኤሲው የሚመጣውም አየር ትኩስ ሲሆን አቆምን።

እናታችንን አውርደን አንዲት ቀጭን ግራር ሥር አስቀመጥናቸው። ፊታቸው ቀልቶ ነበር፤ ንግግራቸው ተሳሰረ። ነጠላቸውን በመጠጥ ውሃችን አርሰን ራሳቸው ላይ አደረግን። ውሃው አለቀ። አንዳችን የራዲያተሩን ክዳን ልንከፍት እጃችንን ስንዘረጋ ከኋላችን «ተው! ፊትህን ልትቀቅል ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ባለ ከባድ መኪና ሹፌር ቆሞልን ነበር። ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

ለእናታችን ውሃ ሰጡ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

«ቬንትሌተሩ አይዞርም» አሉ። «እናንተ ግን ሌላ ምድጃ ከፊቱ አስቀምጣችሁበታል።»

ሞተሩ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ቬንትሌተሩ መሐል ላይ ያሉትን ብሎኖች አጥብቀው ከመዘውሩ ጋር አሰሩት፤ ማግኔት ኖረም አልኖረም አብሮ እንዲዞር። የኮምፕሬሰሩን ሽቦ ነቀሉት። ውሃ ሞሉ። በመጨረሻም አንድ ነገር አዘዙን፤ ያበዱ መሰለን።

«አሁን መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቱ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት።»

«ማሞቂያ?»

«ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል። አባታችሁ ያውቁት ነበር።» አባታችንን ያውቋቸው ኖሯል፤ መኪናዋን አይተው ነው የቆሙት።

እንግዲህ አስቡት። ለቅዝቃዜ ብለን ስንት ገንዘብ አፍስሰን፣ በግንቦት፣ በበረሃ፣ ማሞቂያ ከፍተን፣ ላባችን እየተንጠባጠበ በዝግታ ድሬ ገባን። ለፈረንሳይ ክረምት የተሠራው ማሞቂያ ነው ያዳነን። እናታችን የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው፣ ሽንሌ ስንደርስ ዓይናቸውን ገልጠው «አባታችሁ በዚህ ሰዓት እዚህ መንገድ ላይ አያውለኝም ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እኛም መልስ አልነበረንም።

ሁለተኛው ሥራ

የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ነበር። ለአራት ወር መኪናዋ ቆመች። ሌላ ባለሙያ አገኘን፤ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ቀን የመረመራትና ብዙ የጠየቀን ሰው ነው። ሥራውን የጀመረው ከኤሲው አይደለም፤ ከሙቀቱ መውጫ ነው።

በመጀመሪያ ቴስታታው ተፈትሾ ተስተካከለ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ተፈትቶ ታጠበ። የቬንትሌተሩ ካርቦን ተተካ። ዲናሞው ወጥቶ በቂ ኃይል ያለው ኦልተርኔተር ገባ፤ ኤሲ ከነነፋሹና ከነቬንትሌተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋልና። ከዚያ ለመኪናዋ ልክ የሆነ ኮንደንሰር ከራሱ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ጋር ተገጠመ። ጎማ መስመሮቹ ለአዲሱ ጋዝ የሚሆኑ አዳዲሶች ናቸው። እርጥበት የሚመጥጠው ማድረቂያም አዲስ ነው፤ አሮጌ ማድረቂያ መልሶ መግጠም የረጠበ ስፖንጅ መልሶ እንደመግጠም ነው አለን። መስመሩ በቫኪውም ታጥቦ፣ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ታይቶ፣ ጋዙ በሚዛን ገባ። በዓይን ግምት አይደለም። ግፊቱ ሲበዛ ኮምፕሬሰሩን በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ተደረገ።

ስለ ጋዙም አንድ ነገር እንጨምር፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ሊያውቀው ይገባልና። ያ የማይመርዝ የተባለው ፍሪዮን ሰውን ባይመርዝም ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ንጣፍ እንደሚበላ ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1974 አሳዩ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች አር 134ኤ ወደሚባለው ጋዝ ዞሩ። የሁለቱ ጋዞች ዘይት የተለያየ ነው። የድሮ ኮምፕሬሰር ገዝቶ ሳያጥቡና ዘይቱን ሳይቀይሩ አዲስ ጋዝ መሙላት ኮምፕሬሰሩን መግደል ነው። አንዳንዱ ደግሞ የማብሰያ ጋዝ ይሞላል። እርሱ ይነዳል። ቤተሰብ በሚጫንበት መኪና ውስጥ ለማንም አንመክርም።

ባለሙያው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም አሳየን። ከጣራው ጨርቅና ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ሙቀት የሚከለክል ንጣፍ አስገባ፣ የበሮቹን ጎማ ቀየረ። የ404 መስኮት ሰፊ ነው፣ ቆርቆሮዋም ስስ ነው፤ ሙቀቱን ከገባ በኋላ ከማስወጣት እንዳይገባ ማድረግ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ትንሹ ኤሲ በቃ። ኢቫፖሬተሩ እንደ ድሮው የቴክሳስ ሥራ ከዳሽቦርድ ሥር ተንጠለጠለ፤ አንድም አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም። የመጀመሪያው ጋራዥ የቆረጠውን ቦታ በላሜራ ሸፍኖ ቀባው። ጠባሳው ግን ያስታውቃል። ይታይ ብለን ተውነው።

እናንተም አሮጌ መኪናችሁን ኤሲ ልታስገቡ ካሰባችሁ፣ ወደ ጋራዥ ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ይሁን። ባለሙያው ለዚያ መልስ ከሌለው ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። መኪናዋ በቀትር፣ ያለ ኤሲ፣ ቆማ ሞተሯ እየሠራ ሳትሞቅ መቆየት ካልቻለች ለኤሲ አልደረሰችም። የማይመለስ ነገር፣ በተለይ መቁረጥ፣ እናንተ ሳትኖሩ አይሠራ።

ባለፈው ጥር ደወሌ ሄደን መጣን። መኪናዋ አልሞቀችም፣ እናታችን አላላባቸውም። ጥር ቀላል ወር ነው፤ ግንቦትን ገና እናያለን። የተነሣነው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ስንመለስም 10 ሰዓት አስጠበቅን። ፓራውልቱ ላይ እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን አለ። ሽንሌ ልንደርስ ስንል ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ። እናታችን እጃቸውን ዘርግተው ኤሲውን አጠፉትና መስኮቱን ዝቅ አደረጉት።

«አሁን አገሩ ራሱ ይበቃል» አሉ።